ቀዳሚው ገብቷል፤ በሩ አልተዘጋም

መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ ዕብራውያን 6፥20ን ግለጡ።

በዚህ ዘመን በየኮንፈረንሱ ማስታወቂያ ላይ የምናየው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ «ፎርራነር»። «የዚህ ትውልድ ፎርራነር» ይባልና ትልቅ ፎቶ ይለጠፋል። በሰው ለመፍረድ አይደለም ያነሣሁት። እኔም ተብያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሌላ ከተማ ለአገልግሎት ስሄድ ከፎቶዬ ሥር ተጽፎ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ማስታወቂያውንም ይዤ ወደ መቀሌ ተመለስኩ። የጉባኤያችን አንዲት እናት አዩትና፣ «ፓስተር፣ ይሄ የውጭ አገር ሰው ማለት ነው እንዴ?» አሉኝ። «ፎረነር» መስሏቸው ነው። ሳቅ ብዬ፣ «አይደለም አደይ፣ ቀድሞ የሚሮጥ ማለት ነው» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ከኋላ ማን መጣ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወደ ቃሉ ተመለስኩ።

ይህ ቃል በግሪኩ «ፕሮድሮሞስ» ነው። በጥንት ግሪኮች ጦር ውስጥ ከዋናው ሠራዊት ቀድሞ መንገዱን የሚሰልል ፈረሰኛ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የእኛም «ፊታውራሪ» ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ከጦሩ ፊት የሚሄደው ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲተረጎም ደግሞ፣ በዘኍልቍ 13፥20 ላይ ቀድሞ ለሚበስለው ወይን ይኸው ቃል ገባ። ልብ በሉ! ጦር የማይከተለው ፊታውራሪ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ቀድሞ የበሰለ ወይንም ደስ የሚያሰኘው ሌላው እየደረሰ መሆኑን ስለሚናገር ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለማን ይመስላችኋል? ለመጥምቁ ዮሐንስ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ዮሐንስን በዚህ ስም ጠርታዋለች። ሥራውም ይኸው ነበር፤ መንገድ ጠረገ፣ ሙሽራው ሲመጣ ደግሞ ደስ ብሎት ወደ ኋላ አለ። ቃሉ የተጻፈው ግን ለጌታ ለራሱ ነው። ኢየሱስ ስለ እኛ ቀዳሚ ሆኖ ከመጋረጃው ውስጥ ገባ።

በአሮጌው ኪዳን ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባ ነበር። ሕዝቡ ግን ውጭ ይቀራል። ያ ሊቀ ካህናት የሕዝቡ ወኪል ነበር እንጂ ቀዳሚ አልነበረም፤ ተከትሎት የሚገባ የለማ! ኢየሱስ ቀዳሚ ከሆነ ግን ተከታይ አለው። ተከታይ ካለ በሩ አልተዘጋም። ሃሌ ሉያ! ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር ተስፋችንን የነፍስ መልሕቅ ይለዋል። የመርከብ መልሕቅ ወደ ባሕር ጥልቅ ይወርዳል፤ የእኛ ግን ጌታ ወደ ገባበት ወደ ውስጥ ይዘረጋል።

ወገኔ፣ ይህን መቀሌ ላይ ሆኜ ስናገር ባዶ ወሬ እንዳይመስልህ። ባንኩ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ፣ መብራቱ ጠፍቶ የነበረበትን ዘመን አብረን አልፈናል። ያኔ እኚሁ እናት ገና ሳይነጋ ወጥተው ዱቄት የሚታደልበትን ቦታ ያፈላልጉ ነበር። ሲያገኙ ሰልፍ ይዘው ዝም አላሉም፤ ተመልሰው የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኩ። ስማቸው በማስታወቂያ ወጥቶ አያውቅም። እውነተኛዋ ፎርራነር ግን እሳቸው ነበሩ።

ሌላም ሰው ላንሣ። መጽሐፍ ቅዱስን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ወደ አማርኛ የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ካይሮ ተቀምጦ ዓመታት ደከመ። ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ሲታተም እሱ በሕይወት አልነበረም። የታተመውን ሳያይ አለፈ፤ ሌሎች ግን አነበቡ፣ ዳኑም። ቀዳሚ ማለት እንዲህ ነው።

አገልጋይ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የአደይን ጥያቄ ለራስህ፣ ለራስሽ አንሡት፤ ከኋላ ማን መጣ? የከፈትከው በር ማንን አስገባ? ወይስ ሰው ቆሞ አንተን እንዲያይ ብቻ ነው የሮጥከው?

አንተ ደግሞ ልብህ የተሰበረ፣ የምትወደውን ሰው አጥተህ መጸለይ ያቃተህ፣ «ለእኔ በሩ ተዘግቷል» አትበል። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ የእንባና የሞት መንገድ ነበር፤ ጌታ ቀድሞህ ሄዶበታል። ዛሬ ተከተለው። በቃ፣ ግባ።

አብረን እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ስለ እኛ ቀድመህ ስለ ገባህ ተመስገን። ስምን ፈልገን የሮጥንበትን ሩጫ ይቅር በለን። የደከመውን ደግፍ፣ ያዘነውን አጽናና። እኛንም በር የምናንኳኳ እንጂ በር የምንዘጋ አታድርገን። በስምህ፣ አሜን።