ጠጠሩ የአንዱ፣ ማስጠንቀቂያው የቤተ ሰቡ
(በአዲስ አበባ፣ በቸርችል ጎዳና አካባቢ ለድርጅታችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሐር የሚወርድ ሰው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ያልፋል። ስንቅ ቋጥረው፣ ጋቢ ደርበው በዚያ አካባቢ የሚጠባበቁትን ሰዎች ሁላችንም አይተናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አስታማሚዎች ናቸው። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ እነርሱ ነው።

አንድ ሰው የኩላሊት ጠጠር ሲነሣበት ሕመሙ ከጎኑ ጀምሮ ወደ ብሽሽቱ ይወርዳል፤ መቀመጥም መተኛትም ይነሣዋል። ወንድሙ ደግፎ ወደ ሐኪም ያመጣዋል። ጠጠሩ በራሱ ወይም በሕክምና ሲወጣለት ቤተ ሰቡ «ተመስገን» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደግፎ ያመጣውን ወንድም ግን «አንተስ?» ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ጥያቄ መቅረት የለበትም የምለው ስለ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት 38,000 ያህል ወንዶችን ለስምንት ዓመታት ተከታትሎ ነበር። በቤተ ሰባቸው የኩላሊት ጠጠር ያለባቸው ሰዎች፣ ከሌለባቸው ይልቅ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ለበሽታው ተጋልጠው ተገኙ። ከአንድ መሶብ የሚበሉ፣ ከአንድ እንስራ የሚጠጡ ሰዎች ልማዳቸውም አንድ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ዘር ነው ወይስ ማዕድ ብለን ልንጠይቅ እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የወጣ የመንትዮች ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት መንትዮች አንደኛው ጠጠር ሲኖርበት፣ ሁለተኛውም የነበረበት በ100 ውስጥ 32 ያህል ነበር፤ ተመሳሳይ ባልሆኑት ግን 17 ያህል ብቻ። እንግዲህ ዘር ድርሻ አለው። ሆኖም ከተመሳሳዮቹ መንትዮች እንኳ፣ ወንድሙ ታሞ እርሱ ያልታመመው ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ የሚወረሰው ዝንባሌው ነው፤ ጠጠሩ የግድ አይወረስም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በአገራችን «በዘራቸው በሽታ አለ» መባል ስለሚያስፈራ ነው። ሽማግሌ ሲላክና ጋብቻ ሲታሰብ፣ የአባት ሕመም ከልጅ ሳይቀር ይደበቃል። የተደበቀውም ሕመም ልጁን ሳያስጠነቅቀው ይደርስበታል። እርግማን አይደለም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

ዝንባሌው ሕመም ከመምጣቱ በፊት በሽንት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ከጠጠሮች አብዛኞቹ ካልሲየምና ኦክሳሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ተጋግረው የሚሠሩአቸው ናቸው። በአንዳንድ ቤተ ሰቦች ካልሲየም ከልክ በላይ በሽንት ይወጣል። በሌሎች ደግሞ ካልሲየሙ ከኦክሳሌት ጋር እንዳይጣበቅ የሚከላከለው ሲትሬት ያንሳል። ይህን ለማወቅ የ24 ሰዓት ሽንት ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ቀን የማለዳ ሽንት ይደፋና፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ የማለዳ ሽንት ድረስ ላቦራቶሪው በሚሰጠው ዕቃ ይያዛል። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። ነገር ግን ጠጠሩ የወጣው ከሕፃን ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። ሲስቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በሽንት የሚበዛበት የውርስ በሽታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ወላጆቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል ያህል ሊወርሰው ይችላል። እንዲህ ባለው ቤት የሕፃኑ ወንድሞችና እህቶች ሳይታመሙ መመርመር ይገባቸዋል።

መከላከያው በአብዛኛው በቤታችን ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በወጣ የጣሊያን ጥናት፣ አንድ ጊዜ ጠጠር የያዛቸው 199 ሰዎች በሁለት ተከፍለው አምስት ዓመት ታዩ። ውኃ አብዝተው ከጠጡት በ12ቱ፣ በልማዳቸው ከቀጠሉት በ27ቱ ላይ ጠጠሩ ተመለሰ። ሽንት ነጣ እስኪል ድረስ መጠጣት ጥሩ ምልክት ነው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨው ሲበዛ ካልሲየም ወደ ሽንት ስለሚወርድ የወጡ ጨው ይቀነስ፤ ሥጋም በልክ ይሁን። «ካልሲየም አለበት» ብሎ ወተትና አይብ መተው ስሕተት ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል፤ አይብ አብሮ ሲበላ ግን ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት የመጣበት ወይም ሽንቱ የቆመበት ሰው ግን ውኃ እየጠጣ አይጠብቅ፤ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ወገኖቼ፣ ውኃ ከሩቅ ወንዝ በጀርባዋ ለምታመጣ እናት «ብዙ ጠጪ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። የምትጠጣው እያንዳንዱ ጣሳ ከልጆቿ ድርሻ የተቀነሰ ይመስላታል። ስለዚህ የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚረዳ ሰው ለኩላሊትም ሕክምና እየሰጠ መሆኑን ይወቅ።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የታመመ ስትጠይቁ፣ የአልጋውን ሰው ካጽናናችሁ በኋላ ወደ አስታማሚው ዞር በሉ። «አንተስ ደኅና ነህ? ከቤታችሁ እንዲህ ያመመው ሌላ ሰው ነበር?» በሉት። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡም በየቤታችሁ አባትና እናታችሁን ይህንኑ ጠይቁ፤ የሚነግሩአችሁንም ለልጆቻችሁ ንገሩ።