ባትሪው ከመቀየሩ በፊት ይለካ

ማታ ደህና የገባ ፒክአፕ ጠዋት ሞተሪኖው አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር። አዲሱ ባትሪ ይገባል፣ መኪናው ይነሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ባትሪ ደጋግሞ ሲወርድ ጥፋቱ የሚፈለገው ከባትሪው ከራሱ፣ ከሚሞላው ዲናሞ፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ኃይል ከሚበላ መስመር ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታይም፤ በቴስተር ይለካል። ሳይለካ ባትሪ መቀየር ንግድ ሊሆን ይችላል፣ ጥገና ግን አይደለም ብዬ እከራከራለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልኬቶች ቀላል ናቸው። ባለ 12 ቮልት የምንለው ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ ስድስት ሴሎች አሉት፤ ስለዚህ በደንብ ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በአብዛኞቹ ፒክአፖች ልኬቱ ወደ 14 ቮልት ይጠጋል፤ ካልተጠጋ ቺንጋው ላልቷል ወይም ዲናሞው በቂ አይሰጥም። የወረደን ባትሪ ግን እንደወረደ ፈትኖ መፍረድ ትክክል አይደለም። መጀመሪያ ቻርጅ ተደርጎ ይረፍ፤ ከዚያ ሞተሪኖው ሲዞር ይለካ። ሞልቶ እያለ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ያኔ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው። ቆሞ ያደረ መኪና ጨርሶ አይተኛም፤ ሰዓቱ፣ አላርሙና የሞተሩ ኮምፒውተር ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። በጤነኛ መኪና ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ይህም በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለሳምንታት ይችለዋል። በአንጻሩ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ያህል፣ በቀን ወደ 10 አምፔር ሰዓት ይበላል። ዓርብ ማታ የቆመ መኪና ሰኞ ጠዋት ሲደርስ ከባትሪው ሲሶው አልቋል፤ ባትሪው ቀድሞም ሳይሞላ ከቆመ አይነሳም። ይህን ለመያዝ ቁልፉ ይነቀላል፤ በሩ ተከፍቶ መቆለፊያው በካቻቢቴ ተገፍቶ የተዘጋ እንዲመስል ይደረጋል፤ የነጌቲቩ ገመድ ከባትሪው ተፈትቶ ቴስተሩ በ10 አምፔር መስመሩ በመካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ማንም ሞተር እንዳያስነሳ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ኮምፒውተሮቹ ገና ነቅተዋልና። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገስ ግድ ነው። ረግቶም ከፍ ካለ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ቁጥሩ ድንገት ዝቅ ሲል ጥፋተኛው መስመር ተገኘ ማለት ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ በፊውዝ ሳጥኑ ወደማያልፉት መሄድ ነው፦ ዳዮዱ ተበላሽቶ ቀን የሞላውን ሌሊት መልሶ ወደሚበላ ዲናሞ፣ ወይም ከባትሪው በቀጥታ ተጎትተው ወደተገጠሙ አላርም፣ ጂፒኤስና ተጨማሪ መብራቶች። ለሥራ በሚውሉ ፒክአፖች እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው እነዚህን በኋላ የተጨመሩትን ነው፤ ከፋብሪካው ሥዕል ውጪ ስለሆኑ ማንም አይፈልጋቸውም።

“ማታ ገመዱን ፈትቶ ማደር አይበቃም ወይ?” የሚል ይኖራል። ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያም በላይ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል፦ ገመዱ ተፈትቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት ወርዶ ከተገኘ ችግሩ ከባትሪው ውስጥ ነው፤ ካልወረደ ከመኪናው ነው። ልማድ ሲሆን ግን ማሰሪያው ይላላል፣ የላላ ማሰሪያም ራሱ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። “ዲናሞውን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ገመድ መንቀል የቆየ ዘዴ ነው” የሚሉም አሉ። ኮምፒውተር ባልነበራቸው መኪናዎች ጉዳቱ ብዙም አይታይም ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ዘዴ ከየጋራዡ መወገድ አለበት።

ክብደት የምሰጠው ተቃውሞ የጊዜው ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ ቁጥር ሲጠብቅ የዋለ ባለሙያ ምን ይከፈለዋል? ባትሪ ሲሸጥ ትርፍ ያገኛል፤ ባትሪው ደህና ነው ሲል ባዶ እጁን ይቀራል። ክፍያው እንዲህ እስከተሠራ ድረስ ቅን ባለሙያ እንኳ ወደ መሸጡ ያዘነብላል። ስለዚህ የስምሪት ኃላፊዎች ሁለት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። የምርመራውን ሰዓት ባትሪ ተሸጠም አልተሸጠም ክፈሉ። የባትሪ መግዣ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም ያረፈው ባትሪ ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ቮልትና መኪናው ሲተኛ የሚበላው አምፔር፣ በሥራ ትእዛዙ ላይ ተጽፈው ካላያችሁ አትፈርሙ።