ስለ ዘመን መለወጫ ስእለትና ስለ መጠጥ ሕመም የተነገረ ንግግር



ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናም ተጠምቆ፥ «ከቅዱስ ዮሐንስ ወዲህ አረቄ አልቀምስም» ብሎ የሚሳል ሰው በየዓመቱ ብዙ ነው። ስእለቱ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ዘመን ዕለት ዕለት አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንድ ጊዜ ቢያቋርጠው፥ አንጎሉ መጠጡን ለምዶታልና፥ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ አንዳንዱም የሚጥል በሽታ እንደ ያዘው ኾኖ ይወድቃል። ይህ ሕመም ይገድላል። ጎረቤት ግን ጋኔን ነው ብሎ ያስረዋል።

መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት በሐኪም ቤት አለ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው መጠጡን ከመተዉ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ያለ ነው። መድኃኒትም ከጠበል ጋራ አይጣላም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ኹለቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል።

በኮዬ ፈጬ አብዛኛው ሰው በዕጣ ከየሰፈሩ የመጣ ነው። በጥንቱ ሰፈር አንድ ሰው ኹለት ቀን ከደጅ ቢጠፋ ዕድርተኛው ይጠይቀው ነበር፤ እዚህ ግን በ4ኛው ፎቅ ብቻውን የሚንቀጠቀጠውን ማን ያየዋል? እንግዲህ ስእለተኛው አስቀድሞ ለንስሓ አባቱና ለጎረቤቱ ይንገር፤ ጎረቤቱም ከመስከረም 1 እስከ መስከረም 5 ቀን ጧትና ማታ በሩን ያንኳኳ።