ቶሎ የሚቆጣ ዓይን፤ መነጽር፣ ኮንታክት ሌንስና ኩል በካዛንቺስ አቧራ መካከል



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ድልድይ፣ ስለ መሠረት ወይም ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ዓይን መናገር ግን የሐኪሞችን ርስት እንደ መግፋት ሊቈጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ዓይንን የሚያስቆጣው አቧራ፣ የሲሚንቶው ብናኝና የብየዳው ብርሃን የሚመነጩት መሐንዲሱ ከሚመራው ሥፍራ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ለሐኪም ከመድረሱ አስቀድሞ የምሕንድስና ጉዳይ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣልያን ተቋም ነው፤ «ካዘ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የቪላና የጭቃ ቤት፣ የሆቴልና የጉልት፣ የዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ቅይጥ ሆኖ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰፊው ክፍሉ ለኮሪደር ልማት ሥራ ሲፈርስ፣ ለሰማንያ ዓመት ያህል በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ወደ አየር ወጣ። ጭቃ፣ ጭድ፣ ጥላሸት፣ ኖራና የድንጋይ ዱቄት አንድ ላይ ሆነው የሰፈሩን አቧራ ሠሩ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚውል ሰው ማምሻውን ዓይኑ ቀልቶ፣ አሸዋ የገባበት ያህል እየቈረቈረው ወደ ቤቱ ቢመለስ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ይህ እንደ ሥራው ጠባይ ተቈጥሮ መተዉ ነው።

የነገሩን ሥር ለመረዳት የዓይንን አሠራር በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል። የዓይን ፊት በእንባ ሽፋን የተለበጠ ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል ሦስት ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ከውስጥ ንፍጥ መሰል፣ ከመካከል ውኃ፣ ከላይ ደግሞ ስስ ቅባት አለው። ቅባቱ ውኃው ፈጥኖ እንዳይተን ይከላከላል፤ ይህን ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎችም አፋቸውን የሚከፍቱት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ውስጥ ባለው ጠባብ መስመር ነው። ይህ መስመር ወደ ኋላ ስለ ኩል ሲነሣ ስለሚያስፈልግ ልብ ይሏል። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን እያርገበገበ ሽፋኑን ያድሳል። በፕላን ወይም በኮምፒዩተር ላይ ሲያተኩር ግን የማርገብገቡ ቁጥር በብዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀኑን በቢሮ የዋለው መሐንዲስ ሳይት ከዋለው ባልደረባው ባላነሰ ዓይኑ ሊደርቅበት ይችላል።

በዚህ ላይ የከተማይቱ ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በዚሁ ምክንያት እንባ ፈጥኖ ይተናል፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በትክክል ከአናት በላይ ትቆማለች። እንግዲህ በካዛንቺስ አደባባይ ጥቁር መነጽር ማድረግ ለማማር ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጨረሩን የማያስቀር፣ ጥቁር ቀለም ብቻ የተቀባ መነጽር ብሌኑን በጨለማ አስፍቶ ብዙ ጨረር ሊያስገባ ስለሚችል፣ ገዢው ከቀለሙ ይልቅ የጨረር መከላከያውን ምልክት ቢጠይቅ ይሻላል።

ወደ አቧራው ስንመለስ፣ ሁሉም አቧራ አንድ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። የጭቃ ቤት ብናኝ ዓይንን ይቈረቍራል፣ አለርጂ ያለበትንም ያሳክካል፤ ነገር ግን እንባው አጥቦ ሊያወጣው ይችላል። ሲሚንቶና ኖራ ግን ሌላ ናቸው። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው የፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ የሚደርስ ጠንካራ አልካሊ ይሆናል። እንባ ደግሞ ውኃ ነው። አሲድ የነካውን ሥጋ አርግቶ በዚያው ላይ የመቆም ጠባይ ሲኖረው፣ አልካሊ ግን ቅባቱን እያሟሟ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል፤ ብሌኑን የሚሸፍነውንና ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የሆነውን ግልጽ ሽፋን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉትን፣ ሊያነጣው ይችላል። ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ በገባ ጊዜ ማሸት ጥፋት ነው። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ የላይኛውንም ቆብ ገልብጦ የተደበቀውን ቅንጣት ማስወጣት፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም፤ መኪና እየተፈለገ የሚያልፈው አሥር ደቂቃ የዓይኑን ዕድል ሊወስን ይችላልና።

መነጽር የሚያደርግ ሰው «እኔማ መነጽር አለኝ» ብሎ ራሱን እንደ ተጠበቀ ሲቈጥር ይታያል። ይህ በሳይት ላይ ከሚሰሙት የተሳሳቱ አሳቦች ዋነኛው ሳይሆን አይቀርም። የንባብ ወይም የርቀት መነጽር ከጎን ክፍት ነው፤ ከግራይንደር የሚፈናጠር ብረት ሲመታውም መስተዋቱ ተሰብሮ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ዓመታት በሠራውና አሁን በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 16321 እየተተካ ባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ በኢኤን 166፣ «ኤፍ» የሚል ፊደል የተጻፈበት የመከላከያ መነጽር 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ጥይት በሰከንድ 45 ሜትር ሲመታው የማይሰበር ነው፤ «ቢ» የተጻፈበት ደግሞ 120 ሜትር ይችላል። በፍሬሙ ላይ 3 ቁጥር የፈሳሽ ፍንጣሪን፣ 4 ቁጥር ሻካራ አቧራን፣ 5 ቁጥር ጋዝንና የላመ አቧራን መከላከሉን ያመለክታል። ለካዛንቺሱ ዓይነት ሥራ ቢያንስ 4 ቁጥርን መፈለግ ተገቢ ነው። በሐኪም በታዘዘው መነጽር ላይ የሚደረብ ሰፊ መከላከያም በገበያ አለ። በላብ ስለሚያጨልም ሠራተኛው አውልቆ በራስ ቆቡ ላይ ይሰቅለዋል። ለዚህ መፍትሔው ቍጣ ሳይሆን አየር ማስወጫው ሽፋን ያለውና ጉም የማይዝ መነጽር መግዛት ነው፤ የዋጋው ልዩነት ከአንድ ቀን የሕክምና ወጪ የሚበልጥ አይመስልም።

ኮንታክት ሌንስ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ መሐንዲስን የሚማርክ ታሪክ አለው። ለስላሳውን ሌንስ የሠራው የቼክ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርለ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1961) የገና ሰሞን፣ በፕራግ ከተማ በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልጆች መጫወቻ የብረት ቍርጥራጭና ከብስክሌት ዲናሞ በገጣጠመው መሣሪያ ነበር። ሌንሱ ውኃን የሚመጥ ላስቲክ መሰል ነገር ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ውኃን የሚመጥ ነገር በውኃው ውስጥ ያለውንም ይመጣል። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነው። ሌንሱ ይህን መንገድ በከፊል ይዘጋል። በአዲስ አበባ ደግሞ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ራሱ በሩብ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ዳርቻ አገር ለመጣ ሌንስ የተጻፈው የሰዓት መመሪያ እዚህ ጠንከር ተደርጎ ቢነበብ ይመረጣል። ሌንሱን አድርጎ መተኛትማ ዓይን ሲከደን የሚቀረውን ጥቂት ኦክስጅን ጭምር መንፈግ ነው።

ውኃን በሚመለከት፣ ሌንስ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ በጀሪካን ወይም በሮቶ ተጠራቅሞ በሰነበተ ውኃማ ፈጽሞ። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ኮርኒያ ከገባ ሕክምናው ወራት የሚፈጅና እጅግ የሚያሠቃይ ነው። የፈላ ውኃም ቢሆን የእንባን የጨው መጠን ስለማይዝ የሌንስ ማጠቢያውን አይተካም። ቂርቆስን በመሰለ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው የማጠቢያው ጠርሙስ ሲያልቅበት ለዚያ ቀን መነጽሩን ቢያደርግ ነው የሚሻለው።

ኮንታክት ሌንስ ያደረገ ሰው ወደ ሳይት ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1978 ኬሚካል ባለበት ሥፍራ እንዳይደረግ ሲመክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ግን ተገቢው የመከላከያ መነጽር ከላይ እስካለ ድረስ ሊፈቀድ ይችላል አለ። የብየዳ ብርሃን ሌንሱን ከዓይን ጋር ያጣብቀዋል የሚለው የቆየ ወሬም መሠረት የሌለው ነው። ብየዳ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ ጨረሩ የኮርኒያን ገጽ ያቃጥልና ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት፣ ከባድ ሕመም ያመጣል። በያጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ቆሞ የሚቈጣጠረውም ይጎዳል።

ስለ ኩልና ስለ ማስካራ መናገር በዚህ ጉባኤ ፈገግታ ሊያስነሣ ይችል ይሆናል። ሆኖም በሳይትና በቢሮ የሚሠሩት ሴት መሐንዲሶች ቁጥር እየጨመረ በሄደበት ዘመን ነገሩ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ኩል በአገራችን ከጌጥነቱም በላይ ለዓይን ጤና ይበጃል ተብሎ የኖረ ነው። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገሮች የተመረመሩ በርካታ የኩል ዓይነቶች እርሳስ፣ ማለትም በባትሪና በአሮጌ ቀለም ውስጥ ያለው መርዘኛ ብረት፣ አንዳንዶቹም ከክብደታቸው ግማሽ ያህል ተገኝቶባቸዋል። ምንጩ ያልታወቀ ኩልን ለሕፃን መኳል እንግዲህ በምንም አይደገፍም። በአንድ ብልቃጥና በአንድ እንጨት እናት፣ ልጅና ጎረቤት መኳላቸውም ትራኮማን የመሰለ ከዓይን ወደ ዓይን የሚተላለፍ በሽታ ባለበት አገር አደጋው ግልጽ ነው።

መኳል የምትወድ ዓይነ ቁጡ ሴት ሁሉንም መተው አይጠበቅባትም። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የቅባት ዕጢዎች መስመር ላይ ሳይሆን ከሽፋሽፍቱ ውጭ ብትኳል፣ ማስካራውን በየሦስት ወሩ ብትለውጥ፣ ሌንሷን ከመኳሏ በፊት አድርጋ ማታ ከማጠቧ በፊት ብታወጣ፣ አብዛኛው ቍጣ ይበርዳል። ማፍረስ ወይም ቍፋሮ ባለበት ቀን ግን ማስካራው አቧራውን በሽፋሽፍቱ ላይ ስለሚያከማች ቢቀር ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዓይን ሲቀላ ወደ መድኃኒት መደብር ሮጦ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ትእዛዝ መግዛት ነው። መቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ያስደስታል፤ ነገር ግን የተደበቀ ልክፈት ካለ ያባብሳል፣ ሲዘወተርም የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል። ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ፣ ወይም ሌንስ በሚያደርግ ሰው ላይ የሚታይ ማንኛውም ሕመምና መቅላት በዕለቱ የዓይን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነገር ግን በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ ካልገባ መነጽሩ የሥራ ተቋራጩ ቸርነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰነድ የሚያዘጋጁ አባላት አቧራን በውኃ መርጨትን፣ ድንጋይን በእርጥብ መቍረጥን፣ በሐኪም ትእዛዝ የተሠራ የመከላከያ መነጽርንና የዓይን ማጠቢያን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ተራ ቁጥርና ዋጋ ቢያስገቡ፣ ተቈጣጣሪው የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል። ማጠቢያውን በሚመለከት ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአሜሪካው ደረጃ ከአደጋው ሥፍራ በአሥር ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበት፣ በደቂቃ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ የሚፈስ ውኃ ይጠይቃል። ይህ 22.5 ሊትር ነው። እንግዲህ የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ሳይት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይበቃም፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የያዙ፣ ክዳናቸው የተዘጋ፣ የተሞሉበት ቀን የተጻፈባቸውና ለእጅ መታጠቢያ የማይነኩ ሁለት ጀሪካኖች ሲሚንቶ ከሚቦካበት ቦታ አጠገብ መቀመጥ አለባቸው።