የሒሳብ ባለሙያ በስንት ነጥብ ይለካል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ዲግሪያችሁን ከአገር ቤት ይዛችሁ መጥታችሁ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሻኮፒ ከተማ በሌላ ሥራ የተሰማራችሁ ወገኖቼ፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። በአካውንቲንግ የተመረቀ ወጣት ሥራ ሲያመለክት ስለ ዴቢትና ክሬዲት ከመጠየቁ በፊት «ጂፒኤህ ስንት ነው?» ይባላል። በዚህ አገር የተለመደው መነሻ 3.0 ነው፤ ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች ዘንድ ለመወዳደር ደግሞ ወደ 3.5 የተጠጋ ውጤት ይመረጣል። አገር ቤትም ነገሩ ያው ነው። የባንክ ቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ «ውጤት 2.75 እና ከዚያ በላይ» የምትለዋን መስመር ያውቃታል። ለመመረቅ 2.00 ይበቃል፤ ለመቀጠር ግን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል።

መልማዩን አልወቅስም። ለአንድ የሥራ መደብ መቶ ማመልከቻ የደረሰው ሰው የሚቀንስበት መንገድ ይፈልጋል፤ ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የሚታይበት ጊዜ ነው። እስቲ እናስላው፤ አብዛኞቻችን የሒሳብ ሰዎች ነንና።

አንዲት ተማሪ አለች እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት መጋዘን እየሠራች ቀን ትማራለች። ሠላሳ ክሬዲት ወስዳ 2.2 አመጣች። በሁለተኛው ዓመት የሥራ ሰዓቷን ቀነሰች፤ በሠላሳ ክሬዲት 3.4 አገኘች። ድምሩ 2.8 ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለበጋ ልምምድ ተማሪ የሚመለምሉት ግን አስቀድመው፣ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር ነው፤ ከተለማማጆቹም ነው ቋሚ ሠራተኛ የሚወስዱት። ልጅቷ ቅጹ ላይ 2.8 ብላ ስትሞላ 3.0ን በር ላይ ያቆመ ኮምፒውተር ስሟን ለማንም አያሳይም። ቀሪዎቹን ስድሳ ክሬዲቶች በዚያው በ3.4 ጨርሳ ስትመረቅ ጂፒኤዋ 3.1 ይሆናል። በሩ ግን ከዓመት በላይ ቀድሞ ተዘግቷል። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት ዕዳ እስከ ምረቃ ድረስ አብሯት ስለተጓዘ ነው።

ይህን የተረዳ አንድ ቀጣሪ አለ፤ እሱም የፌዴራል መንግሥት ነው። በገቢዎች መሥሪያ ቤቱ በአይአርኤስም ሆነ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለአካውንታንት መደብ በመሠረቱ የሚፈለገው ዲግሪና 24 የአካውንቲንግ ክሬዲት ነው። ጂፒኤ የሚመጣው ከደመወዝ ደረጃ 5 ይልቅ በደረጃ 7 ለመጀመር ሲሆን ነው። እዚያም ቢሆን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም፦ አጠቃላይ 3.0፣ ወይም የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርት ብቻ ተሰልቶ 3.0፣ ወይም በዋናው ትምህርት 3.5። ቁጥሩም ወደ አንድ አሥርዮሽ ስለሚጠጋጋ 2.95 እንደ 3.0 ይቆጠራል። ያቺ ተማሪ በአይአርኤስ ሚዛን የ3.4 ሰው ናት። ልጆቻችሁ ይህን ከኮሌጅ አማካሪያቸው ሳይሰሙ የሚመረቁ ከሆነ ከእኔ ይስሙ፤ ማመልከቻው ላይም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለይተው ይጻፉ።

ወደ አገር ቤት ዲግሪ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ቢቆጠር ከዚህ አዳራሽ ብዙ እጅ እንደሚነሳ ስለማውቅ። ትራንስክሪፕታችሁን ለገምጋሚ ድርጅት ስትልኩ ብዙውን ጊዜ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ሆኖ ይገለበጣል። ፊደሉ ይሻገራል፤ ፊደሉ የተገኘበት ሁኔታ ግን አይሻገርም። በአንድ ወቅት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውጤት የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ ጋር በማወዳደር እንደነበር፣ ኤ የሚያገኙትም በጣት የሚቆጠሩ እንደነበሩ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዚህ አገር ያለው አማካይ ውጤት ደግሞ ከ3.0 በላይ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ በዚያ ዘመን 2.9 ይዞ የወጣ የስድስት ኪሎ ወይም የንግድ ሥራ ኮሌጅ ምሩቅ እዚህ ከአማካይ በታች ተደርጎ ይነበባል። ይህ የሒሳብ ስህተት አይደለም፣ የንባብ ስህተት ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ መሰናዶ ሲጀመር ብዙ የዲግሪ መርሐ ግብሮች ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጥረው ነበር። የሦስት ዓመት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው የአሜሪካን የአራት ዓመት ዲግሪ ያህል ክሬዲት ላያገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም፦ ብሉሚንግተን ባለው ኖርማንዴል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ሴንት ፖል በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጎደለውን መሙላት ነው። የምትማሩት ለመሙላት ብቻም አይደለም፤ እዚህ የምታገኙት ውጤት አዲስ ጂፒኤ ይሆናችኋል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተገኘውን ሲ ከማስረዳት አምናና ዘንድሮ በታክስና በኦዲት ያመጣችሁትን ኤ ማሳየት ይቀላል። መጋዘን የምትሠሩም አሠሪያችሁን ጠይቁ፤ አማዞን ለምሳሌ ካሪየር ቾይስ በሚባለው መርሐ ግብሩ ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ዓለም በዚህ ቁጥር ላይ ያለው እምነት እየላላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኢዋይ በ2015 እ.ኤ.አ. የዲግሪ ደረጃን መስፈርት ከመግቢያው አነሳ፤ ፒደብልዩሲም በ2022 ተከተለ። እዚህም የኮሌጆችና የአሠሪዎች ማኅበር እንደዘገበው በጂፒኤ የሚያጣሩ አሠሪዎች በ2019 ከመቶ 73 ገደማ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 37 ወርደዋል። ከደግነት የመነጨ ነው ብዬ አላስብም። በእነዚያ ዓመታት አካውንቲንግ የሚያጠና ወጣት ቀንሶ ነበር፣ ባለሙያውም ጡረታ እየወጣ ነው፤ ቀጣሪው ሰው አጥቷል።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ የሲፒኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) ፈቃድ ጂፒኤ አይጠይቅም። አራት ፈተናዎች አሉ፤ ሦስቱ ለሁሉም የጋራ ናቸው፣ አራተኛውን ተፈታኙ ከሦስት ዘርፎች ይመርጣል። ማለፊያው በየፈተናው 75 ነው። 75 ያመጣም 98 ያመጣም የሚያገኘው ፈቃድ አንድ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትልቁ መሰናክል 150 ክሬዲት መሆኑ ነበር፤ ይህም ከዲግሪ በላይ የአንድ ዓመት ያህል ትምህርትና ወጪ ማለት ነው። ሚኒሶታ ግን በ2025 ሕጉን አሻሽላለች። ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ፈተናውን ማለፍና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ በቂ ሆኗል፤ ማስተርስ ላለው ደግሞ የአንድ ዓመት ልምድ።

እንግዲህ ቁልፉ ከተጨማሪ ክሬዲት ወደ ልምድ ዞሯል ማለት ነው። ልምዱን መርምሮ የሚፈርመው ደግሞ ፈቃድ ያለው ሲፒኤ ነው። በዚህ አካባቢ ቢሮ ከፍታችሁ የምትሠሩ ወገኖች በመካከላችን አላችሁ። በታክስ ወራት ሥራ ሲበዛባችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ። ዘንድሮ ያንን ሰው ስትቀጥሩ ከ3.0 በታች ያለውን ማመልከቻ ወደ ጎን ከማድረጋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠርታችሁ አንድ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ አሠሩት። ሥራውን አይታችሁ ካመናችሁበት ሁለቱን ዓመት ስጡት፤ ሲጨርስም ፈርሙለት።