ጥጥ ማኅበር፦ ፋብሪካ የወለደው ሻምፒዮን



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ታሪክ ነው፤ እርሱም የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር፣ በሌላ ስሙ ኮተን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኳስ ታሪክ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ምን ይፈይዳል ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የክለብ ታሪክ አንዲት ከተማ የምትወደውን ነገር በማን ገንዘብ እንደምታቆመው፣ ገንዘቡ ሲነጥፍም ምን እንደሚተርፋት ያሳያል።

ነገሩ ከሐዲዱ ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መስመር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በሚኤሶና በአዋሽ አልፎም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሚኤሶ የጭሮ ደጋ ሰውና ጭነት ወደ ባቡሩ የሚወርድባት ጣቢያ ሆነች። ድሬዳዋ ግን ከጣቢያነት አለፈች። የባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ተቋቋመባት፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተተከሉባት። በወር ደመወዝ የሚተዳደር፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ የተለየለት ሠራተኛ በአንድ ቦታ ተሰበሰበ። የፋብሪካ ክለብ የሚበቅለው በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ነው።

ፍሬው ፈጥኖ ታየ። ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮንነት ከድሬዳዋ አልወጣም። ጥጥ ማኅበር በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 ዋንጫውን ወሰደ፤ በ1961 እና በ1964 ያሸነፈው የዚያችው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ክለብ ነው። ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አሥመራ የተወለደው ይህ ተጫዋች ከኮተን ጋር የሊግ ዋንጫዎችን ያነሣ ሰው ነው። የአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ውድድር በ1964 ሲጀመርም ጥጥ ማኅበር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጓዘ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ1975 ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። በ1977 የሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ሐዲዱም ተቆረጠ። ይህ ሁሉ አልፎ በ1983 ጥጥ ማኅበር አምስተኛ ዋንጫውን ማንሣቱ እጅግ ይደንቀኛል። ዛሬ ግን በፕሪሚየር ሊጉ ጥጥ ማኅበር የሚባል ስም የለም።

ከዚህ ምን እንማራለን? የድርጅት ክለብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሆላንድ የፊሊፕስ ሠራተኞች ክለብ ሆኖ በ1913 የተመሠረተው ፒ.ኤስ.ቪ. ዛሬም በሕይወት አለ። በፈረንሳይ ፔዦ በ1928 የመሠረተውን ሶሾን በ2015 ሸጠው። ክለቡ በ2023 ሊፈርስ ሲቃረብ ደጋፊዎችና የአካባቢው ባለሀብቶች ገንዘብ አዋጥተው አተረፉት። እንግዲህ ባለቤት መልቀቁ ብቻውን ክለብን አይገድልም፤ ክለብ የሚሞተው ባለቤቱ ሲለቅ የሚረከበው የተደራጀ ሕዝብ ሲታጣ ነው። በእኛ ሊግ ዛሬም አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በድርጅት በጀት ነው። በጀት ግን በአንድ ስብሰባ ይታጠፋል።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ሲሠራ የሁለት የቻይና ኩባንያዎች ድርሻ የተገናኘው ሚኤሶ ላይ ነው። እነርሱ ሥራቸውን ፈጽመው ሄደዋል፤ መስመሩ ግን ከእኛው ጋር ቀርቷል። በጭሮ፣ በሚኤሶና በበዴሳ ክለብ ለማቋቋም የምታስቡ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። በጀት ከመጠየቃችሁ በፊት አባላት መዝግቡ፤ መዋጮው ትንሽ ቢሆንም መዝገቡ የአባላቱ ይሁን። የታሪክ ተማሪዎችም ወደ ድሬዳዋ ውረዱ፤ የቀድሞ ሠራተኞችንና ተጫዋቾችን ቃል ቅዱ፤ ፎቶግራፎቻቸውን አስቀምጡ። ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ያነሡት ሰዎች ግን ያረጃሉ።