ወረርሽኙ፣ ቀጠሮው እና የእስር ቤቱ በር

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓ የቀረበ ንግግር፣ 2013 ዓ.ም)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! እንደምታዩት በመካከላችን ክፍተት ትተን ነው የተቀመጥነው። ከኋላ ያላችሁ ድምፅ ካልደረሳችሁ እጃችሁን አንሱ እንጂ ወደፊት አትጠጉ። ማስካችሁንም አታውልቁ።

የዛሬው ርዕሳችን ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የታሰሩ ሰዎች የፍርድ ቤት ቀጠሮና የቤተሰብ ጥየቃ ምን ላይ እንደወደቀ ነው። ጉዳዩ የእስረኛ ቤተሰብ ብቻ የሚመስለው ካለ ትንሽ ይታገሠን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ከወረርሽኝ መጠንቀቅ ከእምነታችን ጋር አይጣላም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ሰሃቦችን አማክረው፣ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ መዲና እንደተመለሱ ሁላችንም ተምረናል። እኛም መስጂዶቻችን ሲዘጉ ታዘናል፤ ሚያዝያ 16 ቀን 2012 በገባው ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን ሰግደናል። ልባችን እያዘነ ነው የሰገድነው፣ ግን ሰግደናል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ በሽታውን ንቃችኋል ሊለን አይችልም። የእኛ ጥያቄ፣ በር ለጥንቃቄ ሲዘጋ ከበሩ ወዲያ የቀረው ሰው ምን ይሆናል የሚል ነው።

ቅደም ተከተሉን እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዋስትናንና ጊዜ ቀጠሮን ከመሳሰሉ አስቸኳይ ጉዳዮች በስተቀር በከፊል ሥራ አቆሙ። ለጥቂት ጊዜ የተባለውም እየተራዘመ ሄደ። የማረሚያ ቤት ጥየቃ ታገደ። መጋቢት 16 ቀን ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ ከ4,000 ለሚበልጡ እስረኞች ይቅርታ መደረጉን አሳወቁ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ስለ ይቅርታው መልካም እንናገራለን፤ መልካም ሥራ ነበርና። ግን ማን ወጣ ማንስ ቀረ ብለን እንይ። የወጡት በቀላል ወንጀል እስከ 3 ዓመት ተፈርዶባቸው መፈቻቸው የቀረበና የመሳሰሉት ናቸው። ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ሰው ነው። ያልተፈረደበት፣ ሕጉ ራሱ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው የሚለው ሰው፣ ይቅር የሚባልበት ጥፋት ገና የለውምና በዚህ በር አይወጣም። የእሱ መውጫ ዋስትና ነው፣ ወይም ክስ መቋረጥ፣ ወይም ፍርድ። ሁለቱ ደግሞ የሚገኙት ከችሎት ነው። ችሎቱ ሲዘገይ እንግዲህ የተፈረደበት ቤቱ ገብቶ ያልተፈረደበት ውስጥ ይቀራል። ማንም ተንኮል ሳያስብ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል፤ ለዚህም ነው በደንብ ማየት የሚያስፈልገው።

ችሎት «አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ» ሲል በወረቀት ላይ ችግር ያለ አይመስልም። በሥራ ግን እንይ። ሰው ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይለዋል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ዳኛው ጊዜ ቀጠሮ ይሰጣል፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ዳኛው መርማሪውን «እስካሁን ምን ሠራህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድል አለ። መርማሪው ምስክሩ በኮሮና ምክንያት አልመጣም፣ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ማስረጃ አላገኘሁም ቢል ግን ዳኛው ምን ይላል? ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላ 14 ቀን ይጨመራል። ወረርሽኙ ያዘገየው ሥራ ሒሳቡ የሚከፈለው ከእስረኛው ዕድሜ ነው።

ደግሞ ዋስትና ተፈቀደ እንበል። አልሃምዱሊላህ ብለን ወደ ቤት እንመለስ ይሆን? ዋስትና የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ገንዘብ ከተባለ ገንዘቡን አስይዞ ደረሰኝ መቀበል አለ። የደመወዝ ዋስ ከተባለ ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፤ ደብዳቤ ጻፊው ደግሞ ቤት ሆኖ እንዲሠራ ተነግሮታል። ከዚያ የመፍቻ ትዕዛዝ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ እስር ቤት መድረስ አለበት። ከእነዚህ መካከል አንዲት ቢሮ ብትዘጋ ዳኛ ይፈታ ያለው ሰው ታስሮ ያድራል። ዋናው ክርክር ላይ ያለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ መዝገቡ አስቸኳይ አይባልምና ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቢፈረድበት ኖሮ ከሚታሰረው በላይ ፍርድ ሲጠብቅ የሚታሰር ሰው እንዳለ ጠበቆች ከኮሮና በፊትም ይናገሩ ነበር።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በአገራችን የእስረኛ ጥየቃ ናፍቆት መወጫ ብቻ አይደለም። ስንቅ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው፤ መድኃኒት የሚያመጣው ቤተሰብ ነው፤ ጠበቃ የሚያፈላልገው፣ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው፣ የቆሸሸ ልብስ ተቀብሎ የሚያጥበው ቤተሰብ ነው። ልብሱን ያጠበች እናት ልጇ ምን ላይ እንዳለ ከልብሱ ታውቃለች። ዓይኑን ያየች ደግሞ ሳይነግራት ታውቃለች። በመከራው ዓመታት በየእስር ቤቱ በር የተሰለፍን ሰዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። በ2005 የኮሚቴዎቻችን ጉዳይ በዝግ ችሎት መታየት ሲጀምር ቤተሰብም ጋዜጠኛም ከውጭ ቀረ። የዚያን ጊዜው ምክንያት ሌላ ነበር፣ የዘንድሮው ሌላ ነው፤ አናምታታቸውም። ያኔ የተማርነው ነገር ግን ዛሬም ይሠራል። የታሰረን ሰው ከበደል ከሚጠብቁት ነገሮች ትልቁ የሚያየው ሰው መኖሩ ነው።

ጥየቃ ሲታገድ ስንቅ በበር ተቀብለው የሚያስገቡበት ቦታ ነበረ። ታዲያ እናት ምሳ ዕቃውን ሰጥታ ትጠብቃለች። ባዶው ሲመለስ ትከፍተዋለች፤ ተበልቷል። «አለ ማለት ነው» ብላ ትሄዳለች። ማን በላው ብሎ የሚጠይቃት የለም፣ እሷም አትጠይቅም። ለሳምንታት ስለ ልጅ የሚገኝ ወሬ ባዶ ምሳ ዕቃ ብቻ ሲሆን ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ከክፍለ ሀገር የመጣው እስረኛ ደግሞ ይህም የለውም፤ መንገድ ሲዘጋ፣ የመኪናው ታሪፍ ሲወደድ፣ የእሱ ሰው ጨርሶ ቀረ።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሐኪሙ፣ በጠበቃው እንዲጎበኝ ዕድል ይሰጠዋል። የሃይማኖት አማካሪውንም ይጠቅሳል፤ ኡስታዞቻችን ይህን ልብ በሉ። እርግጥ ነው፣ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው መብቶች ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ ለጤና ሲባል ጥየቃ መታገዱን ሕገ ወጥ ነው ብለን አንጮህም፤ የማናውቀውን ማለት አይገባንም። ነገር ግን ያው አንቀጽ የሚታገደው መብት አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው የምንቆመው። በአካል መገናኘት በሽታ ያስተላልፋል፣ እሺ። ስልክ ያስተላልፋል? በመስታወት ወይም በርቀት ቆሞ መነጋገር? ማስክ ያደረገ ጠበቃ? እስረኛው ጤነኛ ነው፣ ታሟል፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ብሎ ለቤተሰብ መንገርስ? ከእነዚህ ውስጥ ትንፋሽ የሌለበት ብዙ ነው። ደግሞም ጠባቂው በየቀኑ ከቤቱ ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ወደ ቤቱ ይመላለሳል። ጎን ለጎን ለሚተኙ ሰዎች የቤተሰብ መቅረት ብቻውን መከላከያ አይሆናቸውም፤ ሳሙናና ውሃ፣ ማስክ፣ ሐኪም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቁጥሩ መቀነስ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች ችሎት በፕላዝማ ይሁን ይላሉ። ከመዘግየት ይሻላል፤ አንቃወምም። ቢሆንም ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር ለብቻው ሳይነጋገር፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ጠባቂ ጎኑ ቆሞ «በጥበቃ ላይ ችግር ደርሶብሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ዳኛ ፊት በአካሉ የቆመ ሰው ሳይናገርም ይታያል። ስለዚህ ፕላዝማው ለተራ ቀጠሮ ይሁን፤ ምስክር ሲሰማና ሰው በደል ደረሰብኝ ሲል ግን በአካል፣ በርቀት፣ ቤተሰብ ጥቂትም ቢሆን በተገኘበት ይሁን ነው የምንለው።

ደረሳዎቻችን ሱረቱ ዩሱፍን ሲሀፍዙ ሁልጊዜ የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከእስር ለሚወጣው ሰው ጉዳያቸውን ለጌታው እንዲያነሳላቸው አደራ ሰጡት፤ ሰውየው ወጣና ረሳ፤ እሳቸውም ዓመታት ቆዩ። «ኡስታዝ፣ ሰውየው ክፉ ነበር?» ይሉናል ልጆቹ። ቁርኣኑ የሚነግረን ሸይጧን እንዳስረሳው ነው። ውጭ ያለ ሰው ኑሮው ይዞት ይረሳል፤ ውስጥ ያለው ቀን ይቆጥራል።

አዋጁ ጊዜውን ጨርሷል። ገበያው፣ ታክሲው፣ ካፌው እንደ ድሮው ሞልቷል። ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ጥየቃ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ይመለስ፤ የተከማቹ መዝገቦች ሲከፈቱ የታሰረ ሰው ያለበት መዝገብ ይቅደም፤ ዋስትና የተፈቀደለት ሰው በዚያው ቀን የሚወጣበት አሠራር ይኑር። ይህን በአቤቱታ፣ በፊርማ፣ በሰላማዊ መንገድ እንጠይቃለን። ስንጠይቅም የሙስሊሙን እስረኛ ብቻ አንለይም፤ በሩ ላይ የክርስቲያኗ እናትም ከእኛ እናት ኋላ ተሰልፋለች።

ለጀመዓው የሚቀረው ሥራ ደግሞ ይህ ነው። ሱረቱል ኢንሳን ድሃን፣ የቲምንና ምርኮኛን የሚያበሉ ሰዎችን በአንድነት ያነሳል። ቤተሰቡ ሩቅ ለሆነ እስረኛ ስንቅ በተራ እናደርሳለን። መደበኛ ደመወዝ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለደመወዝ ዋስ ፈቃደኛ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ዋስትና ከተፈቀደ በኋላ ዋስ መፈለግ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። የሕግ ትምህርት ያላችሁ ደግሞ ለቤተሰቦች አቤቱታ በመጻፍ አግዙን።

ከዒሻ በኋላ ሁለት መዝገብ ይከፈታል፤ በወንዶች በኩል ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ፣ በሴቶች በኩል መግቢያው ላይ። የታሰረባችሁ ሰው ካለ ስሙን፣ የታሰረበትን ቦታ፣ የመጨረሻ ቀጠሮውን ቀንና በዓይን ያያችሁበትን ቀን አስጽፉ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ እስክሪብቶ እየተቀባበልን ርቀታችንን እንዳናፈርስ።

አላህ የታሰሩትን ይፍታልን፣ የታመሙትን ይማርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።